ካርቶኑን አስረዝሙልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ 24 ዓመት አለፈኝ። ጋዜጣችሁ ቤታችን ሲገባ ከባለቤቴ ጋር እየተሻማን ነው የምናነበው።

ሰሞኑን ስለ በዓል አለባበስ ሙሉ ገጽ አውጥታችሁ ነበር። ወድጄዋለሁ። ስለ ሸማው፣ ስለ ጥለቱ፣ ስለ ሹሩባው ሳይቀር በደንብ ተነግሯል። ጫማው ጋ ስደርስ ግን ያገኘሁት አንድ መስመር ነው። ነጠላ ጫማው ከጥለቱ ቀለም ጋር ይስማማ ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ብዕር ያስነሳችኝ ያች አንድ መስመር ናት።

እኛ እኮ በነጠላ ጫማ እንራመዳለን። እኔ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት 35 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። ስመለስም እንደዚያው። ባጃጅ ሞልቷል፤ ግን በየቀኑ ደርሶ መልስ ከከፈልኩ ደመወዜ ወር አያደርሰኝም። ደግሞ መራመድ ደስ ይለኛል። የማርቆስ ጠዋት ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሰው ሰላም እያሉ መሄድ ቀኑን ያቀናል። ክፍል ከገባሁ በኋላም መቀመጥ የለም፣ ቆሜ ነው የምውለው። ከዚያ የቅዳሜ ገበያ አለ። የእሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዕድሩ፣ ለቅሶው፣ ሰርጉ፣ ሁሉም በእግር ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከም ጫማ በቀለሙ ብቻ ሊመረጥ አይገባም።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ የእህቴን ልጅ ደምበጫ ላይ ዳርን። ለሰርጉ ብዬ ወርቃማ ማሰሪያ ያለው ነጠላ ጫማ ገዛሁ። የት እንደገዛሁት አልናገርም፣ ነጋዴውን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። መቼም በጣም ያምር ነበር። ማሰሪያው እንደ ክር የቀጠነ፣ ከኋላ ክፍት፣ ተረከዙ ከፍ ያለ። ስሞክረው ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ሻጩ እንደ ልማዱ ሶሉ እንዳይቆሽሽ አንዲት ቁራጭ ካርቶን እግሬ ሥር አነጠፈልኝ። ተነሥቼ ካርቶኗ ላይ ቆምኩ። ከጎን ትንሽ ጠበብ ይላል አልኩት። «ሲደረግ ይሰፋል» አለኝ። አመንኩት። ከፍዬ ወጣሁ።

አልሰፋም። ማሰሪያው ቆዳ አልነበረም፣ ቆዳ የሚመስል ፕላስቲክ ነው። ቆዳ ሲደረግ ይለጠጣል፤ እሱ ግን መጀመሪያ የጠበበ እንደጠበበ ይቀራል። ሙሽራዋን ልንቀበል ከቤት እስከ ድንኳኑ ኮብልስቶን ላይ ስንሄድ አውራ ጣቴ ከጫማው ጠርዝ ወጥቶ ድንጋዩን ይነካ ነበር። ከኋላ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ጫማው እንዳይወልቅ በጣቶቼ ቆንጥጬ ነው የምራመደው። እልልታው ሳያልቅ ተረከዜ ተላጠ። ማታ ሳወልቀው የትንሿ ጣቴ ጎን የባቄላ ፍሬ የሚያክል ውሃ ቋጥሯል። የልጄን ሰርግ ተቀምጬ አሳለፍኩት። የእህቴ ልጅ ልጄ ናት፣ እስክስታውን ከፊት ሆኜ መምራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ከሰርጉ ማግስት ያንን ጫማ ይዤ ገበያ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ወደሚሠሩ ጫማ ሰፊ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው ግን እንደ ወጣት የሚፈጥን ሰው ናቸው። ማሰሪያውን እንዲያሰፉልኝ ነበር ሐሳቤ። እሳቸው ግን ጫማውን ተቀብለው ወዲያው አልሠሩትም። በሁለት እጃቸው ጫፍና ጫፉን ይዘው አጠፉት። መሀሉ ላይ ለሁለት እጥፍ አለ፣ እንደ እንጀራ።

«እታለም፣ እግርሽ እዚህ ጋ ይታጠፋል?» አሉኝ።

አይታጠፍም አልኳቸው።

«ታዲያ ጫማሽ ለምን እዚህ ጋ ይታጠፋል?»

ከዚያ የራሳቸውን እግር ከጫማ አውጥተው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ። የሚታጠፈው የጣቶቹ ሥር ላይ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ነው። ጫማም መታጠፍ ያለበት እዚያው ነው። ቀጥለው ጫማውን እንደ እርጥብ ልብስ ጠመዘዙት። እንደ ጨርቅ ዞረ። ደህና ጫማ ትንሽ ዞር ይላል እንጂ እንደዚህ አይጠመዘዝም አሉኝ። መጨረሻ ላይ ማሰሪያውን በጉጠት ያዝ አድርገው ሳብ አደረጉት። ከሶሉ ተላቆ ወጣ። ክር የሚባል ነገር አልነካውም፣ በማስቲሽ ብቻ ነው የተጣበቀው። የተላቀቀውን ጫፍ ዓይኔ ድረስ አምጥተው አሳዩኝ። የደረቀው ማስቲሽ ቢጫ ሆኖ እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ሳይንስ አስተምራለሁ። ከቁርጭምጭሚት ወደ ታች ባለው በአንዱ እግራችን ብቻ 26 አጥንት እንዳለ በየዓመቱ ለልጆች እናገራለሁ። በሁለቱ 52 ይሆናል። የሰው አጥንት በሙሉ 206 ነው። ሩብ ያህሉ እግራችን ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ ለዚያ ሁሉ አጥንት የሚሆን ጫማ ካርቶን ላይ ቆሜ መርጬ መጣሁ።

ጋሼ አዲስ ጫማ ሊሠሩልኝ ተስማማን። ማለዳ ላይ ነበር የሄድኩት። እግሬን ሊለኩ ግን እምቢ አሉ። «ውለሽ፣ አስተምረሽ፣ ደክሞሽ ነይ» አሉኝ። እግር ውሎ ሲያመሽ ያብጣል፤ በጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠባል። በነጋታው ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ካርቶን ላይ አቁመው ሁለቱንም እግሬን በእርሳስ ዙሪያውን አሰመሩ። ግራዬ ከቀኜ በለጠ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥሬ 38 ነው ስል ኖሬያለሁ። ለካ ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ እግሬ ሰፍቷል፣ ረዝሟልም። የብዙ እናቶች እግር እንደዚያ ይሆናል። እኛ ግን የልጅነት ቁጥራችንን ይዘን ሱቅ እንገባለን። ለሚበልጠው እግር ነው የሚገዛው።

የሠሩልኝ ጫማ ይኸውና እግሬ ላይ ነው። ጥቁር ቡናማ ቆዳ ነው። አንዱ ማሰሪያ በጣቶቹ ሥር ያልፋል፤ አንዱ ከእግሬ ጀርባ ላይ ነው፤ አንዱ ተረከዜን ከኋላ ያቅፋል። የኋለኛው ዘለበት አለው፣ ጠዋት ጠበቅ ማታ ላላ አደርገዋለሁ። ማሰሪያዎቹ በሶሉ ድርብርብ መሀል ገብተው በክር ተወግተዋል። ሥሩ የመኪና ጎማ ነው፤ ከጎማው በላይ ለስለስ ያለ ስፖንጅ፣ ከላይ ደግሞ ቆዳ። ተረከዙ ሁለት ጣት አይሞላም። ጣቶቼ ፊት ለፊት ትንሽ ትርፍ ቦታ አላቸው፤ ጠርዙን አያልፉም። ክረምት ከበጋ አድርጌው አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

ያምራል ወይ? በጣም ያምራል። ይህን በደንብ እንድታትሙልኝ እፈልጋለሁ። ምቾት ያለው ጫማ አስቀያሚ ነው የሚል ነገር በከተማችን ተለምዷል። ወጣቶቹ መምህራን ቦርሳቸው ውስጥ ሸበጥ ይዘው ይመጣሉ፤ ግቢው በር ላይ አውልቀው የሚያምረውን ያደርጋሉ። ያሳዝነኛል። ማማርና መመቸት የተጣሉ ነገሮች አይደሉም። ማሰሪያው በእግር ላይ ሰያፍ ሆኖ ሲያልፍ እግርን ቀጠን አድርጎ ያሳያል፤ ሰፊው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ ደግሞ ያሰፋዋል። ቡናማ ቆዳ ከየትኛውም ጥለት ጋር ይሄዳል፤ ከአረንጓዴውም፣ ከቀዩም፣ ከወርቃማውም። ጋሼ የስፌቱን ክር ቢጫ አደረጉልኝ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ያየ ሁሉ ከየት ገዛሽው ይለኛል። የሐበሻ ቀሚስ ረጅም ነው፤ ከሥሩ የምትታየው ጣትና አንድ ማሰሪያ ናት። ያችን አሳምሮ የቀረውን ለእግር መተው ይቻላል።

አንድ የኛ አገር ጉዳይ ልጨምር። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን። በአንድ እጅ ነጠላ ይዞ፣ ምናልባትም ልጅ አቅፎ፣ አምስት ቦታ የሚታሰር ጫማ መፍታት ከባድ ነው። የኔው አንዱ ዘለበት ብቻ ነው የሚፈታው። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በጾም፣ ቅዳሴ ለመድረስ ስትሮጡ ታውቁታላችሁ።

ጎማ ሥሩ ያለውን ጫማ የሚንቁ አሉ። እናቴ ማቻከል ገጠር ነው ያደገችው። እስክታገባ ድረስ በባዶ እግሯ ነበር። የመጀመሪያ ጫማዋ አባቴ ከአማኑኤል ገበያ ያመጣላት በረባሶ ነው። ስትነግረኝ ድምፅዋ ይለወጣል። እሾህ የማይበሳው፣ ድንጋይ የማይበግረው ጫማ። ክረምት ዋልካው ሲይዘው ሶሉ ከጭቃው ጋር ይቀራል ብላ ማሰሪያውን በጠፍር ታጠብቀው ነበር። በኋላ ዘመን ቤተልሔም ጥላሁን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ይህንኑ በረባሶ አሳምራ እየሠራች ለዓለም ገበያ አቅርባለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ አካባቢ የጀመረችው ሶልሬብልስ የሚባለው ድርጅት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ድሮስ በረባሶ ምን ይወጣለታል» አለች። ልክ ናት።

ስለ እናቴ አገር ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በሰፈራቸው ዝሆኔ የያዛቸው አክስት ነበሩን። እግራቸው አብጦ፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኖ ነበር። ሰው ይሸሻቸዋል። ዘር ነው፣ እርግማን ነው፣ ይጋባል ይባላል። ሰርግ አይጠሩም ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው አንዲት ነርስ ትምህርት ቤታችን መጥታ ያስረዳችን። እኛ አካባቢ በብዛት የሚታየው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ ነገር ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ እየገባ ነው የሚያመጣው። ይህን የአፈሩን ነገር ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ መርምሮ ያሳየው ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ይበዛል፤ ሰውነታቸው በአፈሩ በቀላሉ የመጎዳት ዝንባሌ ስለሚወርስ እንጂ እርግማን ስለሆነ አይደለም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። አክስታችን ይህን ሳይሰሙ አረፉ።

ስለዚህ ነጠላ ጫማን እያመሰገንኩ የማያወላዳውን እናገራለሁ። ለእርሻ፣ ለጭቃ፣ በቀይ አፈር ላይ ለሚውል ሰው ክፍት ጫማ አይበቃም። ጣትና ጎኑ ለአፈሩ ክፍት ነው። ሽፍን ጫማ ያስፈልጋል። ከተማም ብንሆን ክረምት ላይ ክፍት ጫማ ያደረገ ሰው ቤት ሲገባ በመጀመሪያ እግሩን ይታጠብ፣ በጣቶቹ መሀል ያለውንም ያድርቅ። እኛ ቤት በር ላይ ጆግና ሳሙና አለ። የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ እንኳን ሳትታጠብ አትገባም።

ክፍት ጫማ የማይሆናቸው ሌሎችም አሉ። አማቴ የስኳር ሕመም አለባቸው። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። አንድ ቀን በሸበጥ ደጅ ወጥተው ተመለሱ። ማታ ባለቤቴ እግራቸውን ሲያጥብ ሸበጡን በስቶ የገባ ሚስማር አገኘ። እሳቸው አልተሰማቸውም ነበር። ቁስሉ እስኪድን ስንት ወር ተመላለስን። ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ ሽፍን፣ ሰፊና ለስላሳ ጫማ እንዲያደርጉ አዘዘ። ከማድረጋቸው በፊትም ውስጡን በእጃቸው ይዳስሳሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ወላጅ ያላችሁ እባካችሁ ሸበጡን ከደጃፍ አንሡ።

ስለ ጫማ አያያዝ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለሚያጋጥመው ልንገራችሁ። ለበዓል ብቻ የማደርገው ጥቁር ነጠላ ጫማ ነበረኝ። ሦስት ዓመት በካርቶኑ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ለፋሲካ አውጥቼ አድርጌው ስሄድ ሶሉ መንገድ ላይ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ተፈረፈረ። ከኋላዬ መስመር ሠርቶ ቀረ። ሻጩ አታለለኝ ብዬ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፤ እሱ ነው የነገረኝ። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ስፖንጅ መሳይ ሶል የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ባይደረግም ይፈርሳል። እንደውም ተዘግቶ ሲቀመጥ ይብሳል። እና ጥሩ ጫማ ካላችሁ አድርጉት። ለፋሲካ ብላችሁ አታስቀምጡት። ቆዳ ደግሞ ሲርስ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከተሰጣ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ነጋዴዎቻችን ልምጣ። ከተማችን ውስጥ ጫማ የምትሸጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥራችሁ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኪራይ አለባችሁ፣ ግብር አለባችሁ። ሶሉ ከቆሸሸ ዕቃው እንደሚወድቅባችሁም ይገባኛል። ለዚህ ነው ካርቶን የምታነጥፉት። ግን ያች ካርቶን ሁለት እግር ብቻ ነው የምትይዘው። ሰው ቆሞ አይደለም የሚላጠው፣ ሲራመድ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ካርቶኑን አስረዝሙልን። ማዳበሪያም ቢሆን፣ ያረጀ ምንጣፍም ቢሆን፣ ስምንት አሥር እርምጃ የሚያስኬድ ነገር ዘርጉልን። ሄደን እንመለስበት፣ እንዙርበት፣ በጣታችን ቆመን እንየው። የጠበበውን ሲደረግ ይሰፋል አትበሉን። ቆዳ ከሆነ ቆዳ ነው በሉን፣ ፕላስቲክ ከሆነም ፕላስቲክ ነው በሉን። እኛም ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ እንመጣለን፣ ሁለቱንም እግር እንሞክራለን፤ አጥፈን ጠምዝዘን ስናይ አትቆጡን። ሰፋ ያለ እግር ላላቸው ሴቶችም ዕቃ አምጡ። ገበያችሁ እኛ ነን።

ለጫማ ሰፊዎችም አለኝ። ጋሼን የመሰሉ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ፤ ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም፣ ዳንግላም። ሰው እናንተ ጋ የሚመጣው የተበጠሰ ለማስጠገን ብቻ ነው። አዲስ መሥራት እንደምትችሉ ብዙዎቻችን አናውቅም። የሠራችሁትን አንድ ጥንድ ጃንጥላችሁ ላይ ስቀሉት። ስናልፍ እንየው።

እናንተም የጋዜጣው ሰዎች፣ በሚቀጥለው በዓል ስለ አለባበስ ስትጽፉ ለጫማ አንድ ዓምድ ስጡት። ጫማ ሰፊ አነጋግሩ። ሐኪምም አነጋግሩ። ከቻላችሁ ማርቆስ ኑ፣ ጋሼን አገናኛችኋለሁ።

የታናሿ የእህቴ ልጅ ሰርግ ለመጪው ጥር ተቆርጧል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ በኋላ ይዣት ጋሼ ጋ ሄጄ እግሯን አስለክቻለሁ። ነጭ ቆዳ ነው የመረጠችው፣ ስፌቱ በወርቃማ ክር። የኔው አንድ ዘለበቱ ላልቶ ነበር፤ አብሬ አሠርቼዋለሁ። በዚህኛው ሰርግ እስክስታውን ከፊት የምመራው እኔ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት መምህርት
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም